ሥራ የለኝም፤ የተማሪ ብድር ጠያቂዎች ስልክ ግን ዕረፍት ነሳኝ

የጠያቂዋ ደብዳቤ፣ አጠር ተደርጎ፦

«ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ። 31 ዓመቴ ነው፤ ላጤ ነኝ፣ ልጅ የለኝም። ከአምስት ወር በፊት ከሥራ ተቀነስኩ። አሁን የምኖረው ሥራ ላጣ ሰው መንግሥት በሚሰጠው ክፍያ፣ በአንኢምፕሎይመንት ነው። ከ2015 ጀምሮ ኮሌጅ ስማር የወሰድኩት 27,000 ዶላር የመንግሥት ብድርና 11,000 ዶላር የባንክ ብድር አለብኝ። ለባንኩ አጎቴ አብሮኝ ፈርሞ ኮሳይን አድርጎልኛል። የመንግሥቱን መክፈል ካቆምኩ ሰባት ወር፣ የባንኩን ካቆምኩ ዓመት ከሁለት ወር ሆነኝ። ስልኬ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል። አንዱማ ‹እስከ ዓርብ ካልከፈልሽ ፖሊስ ደጅሽ ይቆማል› አለኝ። አጎቴ ጋም ደውለዋል፤ ጓደኛዬ የምትሠራበት ካፌም ደውለው ዕዳዬን ነግረዋታል። በኀፍረት ልሞት ነው። በሚቀጥለው ወር 6,000 ዶላር ዕቁብ ይደርሰኛል። እሱን ሰጥቼ ልገላገል? ስልክ ቁጥሬን ልቀይር? ወይስ ጠቅልዬ አገሬ ብገባ ይተዉኛል? ሲቲዝንሺፕም ላመለክት ነበር፤ ይከለክለኝ ይሆን? እንደ ታናሽ እህትህ ቆጥረህ ቁርጡን ንገረኝ።»

ምላሽ፦

ፖሊስ አይመጣም። አሜሪካ ውስጥ የተማሪ ብድር ባለመክፈሉ ብቻ የሚታሰር ሰው የለም። ችግር የሚመጣው ተከሰሽ፣ ዳኛ ቅረቢ ብሎ አዞሽ ሳትቀርቢ ስትቀሪ ነው፤ እሱም ትእዛዝ በመጣስ እንጂ በዕዳው አይደለም። እንዲያ ብሎ ያስፈራራሽ ሰው ሕግ የጣሰው ራሱ ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ። ከዚያ የሚበልጥ ጉዳይ አለሽ።

ስህተትሽ ሁለቱን ዕዳ በአንድ ከረጢት መክተትሽ ነው። ስልኮቹ አንድ ዓይነት ይጮኻሉ። ከኋላቸው ያለው ጉልበት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ቀኑን ሙሉ የሚያስጨንቅሽ የባንኩ ብድር ሰብሳቢ ለጊዜው እጁ ላይ ያለው ስልክ ብቻ ነው። ደሞዝሽን ለመንካት መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሄዶ መርታት አለበት። የመንግሥቱ ብድር በተቃራኒው ለስለስ ባለ ኢሜይል ነው የሚመጣው፤ «ክፍያዎ ዘግይቷል» ብሎ ያልፋል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ማለት ነው። ቀኑ ሲሞላ ፍርድ ቤት ሳያስፈልገው ከደሞዝሽ እስከ 15 በመቶ ይቆርጣል፤ የታክስ ተመላሽሽን ይወስዳል። በግል ብድር ላይ ያለው የይርጋ ጊዜም፣ ማለትም ካለፈ ክስ የማይቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ በእሱ ላይ አይሠራም። ከሃያ ዓመት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጪው። ጯሂውን አስቀምጪና ዝምተኛውን ያዢ።

ቀኑን እንቁጠር። የመንግሥት ብድር ሳይከፈል 270 ቀን ሲሞላው ዲፎልት ይባላል። አንቺ ሰባት ወር ብለሻል፤ ወደ 210 ቀን ነው። እንግዲህ 60 ቀን ገደማ ቀርቶሻል። 90 ቀን ሲያልፍ ለክሬዲት ቢሮዎች ሪፖርት ስለሚደረግ ክሬዲትሽ ተጎድቷል፤ እሱን አሁን መመለስ አይቻልም። ዲፎልት ግን ገና አልገባሽም። ስለ መንግሥቱ ብድር የሚደውሉልሽም ዕዳ ሰብሳቢዎች ሳይሆኑ ሰርቪሰሩ ነው፤ ማለትም መንግሥት ብድሩን እንዲያስተዳድር የቀጠረው ድርጅት። የእሱን ስልክ ነው ማንሳት ያለብሽ። ማን እንደሆነ ካላወቅሽ ስቱደንት ኤይድ ነጥብ ጎቭ ላይ ግቢ። የመንግሥት ብድሮችሽ በሙሉ እዚያ ተዘርዝረዋል። እዚያ የሌለው የግል ነው።

ብዙ የኛ ሰው እዚህ ጋ ተዘናግቷል። ከማርች 2020 ጀምሮ በኮቪድ ምክንያት ክፍያው ቆሞ ስለነበር «ተረሳ» የሚል ወሬ ነበር። አልተረሳም። ዲፎልት የገቡትን በግዳጅ ማስከፈል በሜይ 5 ቀን 2025 እንደገና ተጀምሯል። አንዴ ቆመ አንዴ ቀጠለ የሚለውን ዜና እየተከታተሉ መወሰን ግን ሎተሪ መቁረጥ ነው።

ለሰርቪሰሩ ስትደውዪ «ሥራ የለኝም፣ ምን ላድርግ?» አትበዪ። እንዲያ ካልሽ የሚቀላቸውን ይሰጡሻል፤ እሱም ፎርቤራንስ ነው። ፎርቤራንስ ክፍያውን ያቆማል፤ ወለዱ ግን በሁሉም ብድር ላይ ይቆጥራል። የምትጠይቂው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ አይቢአር የሚባለው በገቢ ላይ የተመሠረተ የክፍያ ፕላን። ሁለተኛ፣ ያለፉትን ወራት ለመሸፈን ሥራ ለሌላቸው የሚሰጠው ዲፈርመንት የሚባለው የክፍያ ማዘግያ።

አይቢአር ላንቺ እንዴት እንደሚሠራ እናስላ። ለአንድ ሰው የ2025 የድህነት መስመር 15,650 ዶላር ነው። ፕላኑ የዚህን አንድ ተኩል እጥፍ፣ 23,475 ዶላር፣ አይነካም። ሜሪላንድ በሳምንት የምትከፍለው ከፍተኛው አንኢምፕሎይመንት 430 ዶላር ነው። ዓመቱን ሙሉ ብታገኚው እንኳ 22,360 ዶላር ይሆናል፤ ከመስመሩ በታች ነሽ። ስለዚህ ወርኃዊ ክፍያሽ ዜሮ ነው። ዜሮ ማለት ምሕረት ወይም ዕረፍት ማለት አይደለም። እንደ ከፈልሽ ይቆጠራል፤ ወሩም ቀሪው ዕዳ ወደሚሰረዝበት ዘመን ይደመራል። ከጁላይ 1 ቀን 2014 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለተበደርሽ ያ ዘመን ላንቺ 20 ዓመት ነው። ሥራ አግኝተሽ ዓመታዊ ገቢሽ 40,000 ዶላር ቢሆን፣ ከመስመሩ በላይ ካለው 10 በመቶ፣ በወር 138 ዶላር አካባቢ ትከፍያለሽ። ለገቢ ማስረጃ ያለፈውን ዓመት የታክስ ወረቀት አትስጪ፤ እሱ ላይ ያለው ደሞዝ አሁን የለም። ገቢዬ ቀንሷል ብለሽ የአሁኑን አቅርቢ።

ዜሮውም ነጻ አይደለም። ወለድ ይጠራቀማል። ብድርሽ መንግሥት በድጎማ የሰጠው ከሆነ ክፍያሽ ያልሸፈነውን ወለድ እስከ ሦስት ዓመት መንግሥት ይችልልሻል። ያልተደጎመው ላይ ግን ይቆጥራል።

ዲፈርመንቱን በተመለከተ፣ አንኢምፕሎይመንት እየተቀበልሽ መሆኑ ብቻውን በቂ ማስረጃ ነው። በስድስት ስድስት ወር ይሰጣል፤ በጠቅላላው እስከ ሦስት ዓመት ነው። ጥሩው ነገር እስከ ስድስት ወር ወደ ኋላ ተቆጥሮ ሊጀምር መቻሉ ነው። አንቺ ሥራ ያጣሽው ከአምስት ወር በፊት ስለሆነ እነዚያን ወራት ይሸፍንልሻል። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሁለት ወራት በፎርቤራንስ ይዝጉልሽ። ፎርቤራንስን የምመክረው ለዚህች ለዚህች ብቻ ነው። እንዲህ ካደረግሽ ሂሳብሽ ከውዝፍ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ አይቢአሩ ይረከበዋል።

ለምን ዝም ብዬ በዲፈርመንት አልቆይም ትይኝ ይሆናል። የዲፈርመንት ወራት ወደ 20 ዓመቱ ላይደመሩ ይችላሉ። ሲያልቅም ባልተደጎመው ብድር ላይ የተጠራቀመው ወለድ ዋናው ላይ ይደፋና ወለድ ወለድ ይወልዳል።

ስለ ፕላኖች ስትጠይቂ ሴቭ የሚባለውን ሊያነሱልሽ ይችላሉ፤ ፍርድ ቤት ያገደው ነውና እርሺው። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ራፕ የሚባል አዲስ ፕላን አምጥቷል። ራፕ ገቢ ለሌለውም ዝቅተኛው ክፍያ 10 ዶላር ነው። ሥራ ለሌለው ሰው አይቢአር ይሻላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ የመንግሥት ብድር ከወሰድሽ የአይቢአር በር ይዘጋብሻል። «ሥራ እስካገኝ ማስተርስ ልጀምር» የሚል ሐሳብ ካለሽ ከመፈረምሽ በፊት ሁለቴ አስቢ።

60 ቀኑ አምልጦሽ ዲፎልት ብትገቢስ? ያኔ ዲፈርመንቱም ዜሮ ክፍያውም ይቀራል። የሚወጣበት መንገድ ሁለት ነው። ሪሀቢሊቴሽን በሚባለው በተከታታይ 10 ወር ውስጥ 9 ክፍያ በሰዓቱ ትከፍያለሽ፤ ገቢ ለሌለው ሰው ክፍያው 5 ዶላር ድረስ ይወርዳል። ሲያልቅ ዲፎልቱ ከክሬዲት ታሪክሽ ይነሳል። ሁለተኛው ኮንሶሊዴሽን ነው፤ ብድሮቹ በአዲስ ብድር ይጠቃለላሉ። ይፈጥናል፤ የዲፎልቱን ጠባሳ ግን አያጠፋም። ከጁላይ 2026 ወዲህ ሲሆን ደግሞ እንደ አዲስ ብድር ስለሚታይ አይቢአርን ያሳጣሻል። ስለዚህ ሪሀቢሊቴሽንን ምረጪ።

ብዙ ሰው የማያውቃትን አንዲት የሕግ አንቀጽም ያዢ። ያለፈቃዱ ከሥራ የተቀነሰ ሰው በ12 ወር ውስጥ አዲስ ሥራ ቢይዝ፣ በአዲሱ ሥራ 12 ወር ሳያቋርጥ እስኪሠራ ድረስ ለመንግሥት የተማሪ ብድር ደሞዙ አይቆረጥም። ግን ማንም መጥቶ አይነግርሽም። ከመቆረጡ 30 ቀን በፊት ደብዳቤ ይልካሉ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አንቺ ነሽ ጽፈሽ የምትጠይቂው። ከሥራ የተቀነስሽበትን ወረቀት አትጣዪው። ደብዳቤው የሚሄደው ደግሞ እነሱ ጋ በተመዘገበው አድራሻ ነው። ቁጥር መቀየር የሚጎዳሽም ለዚህ ነው። ጯሂው አዲሱን ቁጥርሽን ፈልጎ ያገኘዋል፤ የሚጠቅምሽ ሰርቪሰር ግን ያጣሻል። ቤት ከቀየርሽ አድራሻሽን ዛሬውኑ አስተካክዪ።

አሁን ወደ ጯሂው።

የባንኩ ብድር ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ተላልፏል ማለት የፌደራሉ የዕዳ አሰባሰብ ሕግ ይይዘዋል ማለት ነው። ከጠዋቱ 8 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 9 ሰዓት በኋላ መደወል የለበትም፤ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምልሽ። ለአንድ ዕዳ በሰባት ቀን ውስጥ ከሰባት ጊዜ በላይ መደወል የለበትም። አንዴ ካናገረሽ በኋላ ደግሞ ሰባት ቀን መቆየት አለበት። በእስራት ማስፈራራት ክልክል ነው። ጓደኛሽ ጋ ደውሎ አድራሻሽን ብቻ ሊጠይቅ ይችላል፤ ስለ ዕዳው መተንፈስ ግን አይችልም። ካፌው ላይ ያደረገው ጥሰት ነው።

አጎትሽ ጋ መደወሉ ግን ጥሰት አይደለም። እዚህ ላይ ተሳስተሻል። ኮሳይን ያደረገ ሰው እንደ ሽማግሌ ቆሞ የሚያስታርቅ ዋስ አይደለም። በሕግ ፊት እኩል ተበዳሪ ነው። አንቺን ሳይነኩ እሱን ብቻ ሊከሱት ይችላሉ። ክሬዲቱም አብሮ እየወረደ ነው።

የደወሉበትን ቀን፣ ሰዓት፣ የሰውየውን ስምና ያለውን ነገር ደብተር ላይ ጻፊ። የተዉልሽን የድምፅ መልእክት አታጥፊ። ነገር ግን ጥሪውን በድብቅ አትቅጂ፤ በሜሪላንድ ሕግ ያለ ሌላኛው ወገን ፈቃድ ስልክ መቅዳት ወንጀል ነው። ስንቱ በደለኝ ብሎ ቀድቶ ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ደርሷል! አቤቱታሽን ለፌደራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮና ለሜሪላንድ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በኦንላይን ታስገቢያለሽ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ጥሰቱ ከተፈጸመ በአንድ ዓመት ውስጥም መክሰስ ትችያለሽ። ጉዳት ባታሳዪ እንኳ እስከ 1,000 ዶላር ሊፈረድልሽ ይችላል፤ ስትረቺ የጠበቃሽን ወጪ እነሱ ይከፍላሉ።

ለሰብሳቢው የምትጽፊው ደብዳቤ አጭር ይሁን፤ በሰርቲፋይድ ሜይል ላኪው። ዕዳው የማን እንደነበር፣ ስንት እንደሆነና አሁን የማን እንደሆነ ማስረጃ ጠይቂ። ከመጀመሪያው የጽሑፍ ማሳወቂያ በ30 ቀን ውስጥ ከጻፍሽ ማስረጃውን እስኪያመጣ ድረስ መጠየቁን ማቆም አለበት። 30 ቀኑ ካለፈም ጠይቂ፤ የብድር ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ይጠፋል። እዚያው ላይ «በስልክ አትደውሉልኝ፤ በደብዳቤ ብቻ» ብለሽ ጻፊ። ጨርሶ አትገናኙኝ ማለትም መብትሽ ነው። እኔ ግን አልመክረውም። ሌላ መንገድ የዘጋሽበት ሰብሳቢ የሚቀረው ክስ ብቻ ነው።

ክስ ከመጣ ደግሞ ስልክ እንደመዝጋት አይደለም። በሜሪላንድ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት መጥሪያው ከደረሰሽ በ15 ቀን ውስጥ «እከራከራለሁ» የሚለውን ቅጽ መልሰሽ ማስገባት አለብሽ። ዝም ካልሽ ሳትሰሚ ይፈረድብሻል። ፍርዱ 12 ዓመት ይቆያል፤ ያኔ ደሞዝሽንም የባንክ ሂሳብሽንም ሊይዙ ይችላሉ። በሜሪላንድ እንዲህ ላለው ውል የተለመደው የይርጋ ጊዜ ሦስት ዓመት ነው፤ ረዘም ያለ ጊዜ ያላቸው ውሎችም አሉ። አንቺ ገና ዓመት ከሁለት ወርሽ ስለሆነ በይርጋ አትመኪ።

እንግዲህ ዕቁቡ። ላብራራልሽ። 12 ሰው በወር 500 ዶላር የምትጥሉት ከሆነና አምስተኛው ዙር ላይ ከደረሰሽ፣ ከምትቀበዪው 6,000 ውስጥ ያንቺ 2,500 ብቻ ነው። 3,500ው የሰው ነው። ቀድሞ የደረሰ ዕቁብ ያለ ወለድ የተሰጠ ብድር ነው። ለሰብሳቢው ብትሰጪው፣ ለማያውቅሽ ሰው ከፍለሽ ገና ላልደረሳቸው ለሚያውቁሽ 7 ሰዎች ባለዕዳ ትሆኛለሽ ማለት ነው። አንኢምፕሎይመንት ደግሞ በሜሪላንድ 26 ሳምንት ነው፤ ሊያልቅብሽ ነው። ለቀሪዎቹ ዙሮች የሚሆነውን መጀመሪያ ለይተሽ አስቀምጪ። የተረፈው የቤት ኪራይሽ ነው።

ሥራ ይዘሽ እጅሽ ሲላላ ከሰብሳቢው ጋር በአንድ ጊዜ ክፍያ መደራደር ይቻላል። ከሙሉው በታች ይቀበላሉ። ያኔም ቢሆን ስምምነቱ በጽሑፍ ሳይደርስሽ ሳንቲም አትላኪ። ወረቀቱ ላይ የአጎትሽም ስም ነጻ መውጣቱ ይጻፍ፤ ይሄ ከተረሳ ቀሪውን ከእሱ ይጠይቃሉ። የተሰረዘልሽ ዕዳ ለታክስ እንደ ገቢ ሊቆጠር ይችላል። የባንክ ሂሳብ ቁጥርሽን በስልክ አትስጪ።

«ዕዳሽን አስሰርዝልሻለሁ» የሚል ሰው ከመጣም፣ አማርኛ ተናጋሪ ቢሆንም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከጠየቀ አሰናብቺው። የነገርኩሽ ቅጾች ሁሉ በነጻ የሚሞሉ ናቸው። የስቱደንት ኤይድ ፓስወርድሽን ለማንም አትስጪ።

አገር ቤት ብትገቢ ዕዳው አይጠፋም። የመንግሥቱ ይርጋ የለውም ብያለሁ፤ የባንኩን አጎትሽ ላይ ጥለሽው ትሄጃለሽ። ግን ለመጓዝም አትፍሪ፤ በተማሪ ብድር ምክንያት ኤርፖርት ላይ የሚያስቀርሽ የለም። የዜግነት ማመልከቻው የሚጠይቀው ያልተከፈለ ታክስ እንዳለብሽ እንጂ የተማሪ ብድር አይደለም። የታክስ ፋይልሽ ይስተካከል፤ ጥርጣሬ ካለሽ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሪ።

ሰኞ ጠዋት ለሰርቪሰሩ ደውዪ፤ አይቢአርና ዲፈርመንቱን በዚያው ሳምንት በኦንላይን ሙዪ፣ ማረጋገጫውንም አስቀምጪ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ለሰብሳቢው ደብዳቤውን ላኪ። ከሁለቱ በፊት ግን እሑድ አጎትሽ ቤት ሂጂ። በስልክ አይሆንም። የብድሩን ወረቀት ይዘሽ አሳዪው፤ መጥሪያ ወደ እሱ ቤት ከመጣ በዚያው ቀን እንዲደውልልሽ ንገሪው። እሱም እንዳንቺው ማስረጃ የመጠየቅና «በደብዳቤ ብቻ» የማለት መብት ስላለው ሁለት ደብዳቤ ጽፋችሁ አንድ ላይ ፖስታ ቤት ውሰዱት።